ባና የለበሰው ሰሌዳ

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ልክ እንደ ጻፍኩት ሆኖ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ወሩ የካቲት ይሁን መጋቢት አጥርቼ አላስታውስም፤ ዐቢይ ጾም መሆኑን ግን አልጠራጠርም፤ የቀልዱ ሁሉ መነሻ ጾሙ ነበርና። ባናው ጥቁር መሆኑንም አልጠራጠርም፤ ዛሬም የቢሮዬ ወንበር ላይ ተደርቦ ስላለ። በጉ ግን በትዝታዬ ውስጥ ከዓመት ዓመት እየገዘፈ መጥቷል። አሁን ዐይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ቀንዱ ሁለት ዙር የተጠመዘዘ፣ ጸጉሩ መሬት የሚጠርግ አውራ ነው። እንዲያ ያለ በግ በእውነት አይቼ እንደሆነ፣ ወይስ ስለ እሱ ደጋግሜ በማውራቴ እኔው ራሴ አሳድጌው እንደሆነ መለየት አቅቶኛል።

ያን ጊዜ ሥራዬ ኔትወርክ ወደሌለበት ቦታ ኔትወርክ ይዞ መሄድ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የተማርኩት ስለ ትልልቅ ማማዎችና ከተማ ለከተማ ስለሚዘረጉ መስመሮች ሲሆን፣ ሥራ ዓለም ላይ የጠበቀኝ አንድ ሳጥን ነው። መካከለኛ ሻንጣ ያህላል፤ ሁለት መቆለፊያና አንድ እጀታ አለው። ክዳኑ ሲነሳ ባትሪ፣ ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ፣ ድምፅ ማጉያ ያለው አንድ የእጅ ስልክና ሦስት ትናንሽ መብራቶች ይታያሉ። ከሳጥኑ በረዥም ገመድ የሚያያዝ፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የተነቀለ ጣውላ የሚመስል ጠፍጣፋ አንቴና ደግሞ ውጪ ይቆማል። ይህን አንቴና ወደ ሳተላይቱ አቅጣጫ ካነጣጠርኩትና ሦስቱም መብራቶች አረንጓዴ ከሆኑ፣ እግዚአብሔር የፈጠረው ሜዳ ሁሉ ስልክ ቤት ይሆንልኝ ነበር።

ከዓለም ከተማ ወደ መርሐቤቴ ቆላ ስንወርድ መንገዱ እንዳያንገጫግጨው ጭኔ ላይ ታቅፌው እሄድ ነበር። በግሼ አፋፍ ላይ በአህያ ተጭኖ፣ አህያዋ እንዳትቀመጥበት እየለመንኳት ከኋላ ተከትያለሁ። ይሁን እንጂ ሳጥኑ በስሙ ሲነሳ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጥተን ከደረስንባት አንዲት የመንዝ መንደር የነበርንበት ሳምንት ነው።

የሄድነው ሦስት ሆነን ነው፤ የእንስሳት ሐኪሟ፣ እኔና ሾፌራችን። መኪናው እስከ መንደሩ ስለማይወጣ ሾፌሩ ታች መንገዱ ዳር ከመኪናው ጋር ቀረ። ከዚያ ወደ ላይ የግማሽ ሰዓት አቀበት ነበር። የሐኪሟን ጉዳይ ግን አስቀድሜ መግለጽ ይኖርብኛል፤ አለበለዚያ ቀሪው ትርጉም አይኖረውም።

መንደሩ ውስጥ የበግ አርቢዎች ማኅበር አለ። የማኅበሩ አባላት ከየጠቦቱ መሐል የተሻለውን መርጠው አውራ ያደርጉና፣ አውራው በየተራ ለሁሉም በጎች ያገለግላል። የተመረጠ አውራ ያለው ቤት በመንደሩ የተከበረ ቤት ነው። በዚያ ዓመት ከተመረጡት አንዱ አስተናጋጃችን የነበሩት ሴት ያሳደጉት በግ ነበር። ስድሳ ሊሞላቸው የተቃረበ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀኑን ሙሉ እንዝርት ከእጃቸው የማይለይ እናት ናቸው። እማማ እላቸው ነበር፤ እዚህም እንዲሁ እላቸዋለሁ። እኛ ከመሄዳችን በፊት ከዚያ አውራ ጋር የተሳረሩ ሦስት በጎች በተከታታይ ጨነገፉ። ሰው ሁሉ ዐይኑን በአውራው ላይ ጣለ፤ በሽታው ከእሱ ነው ተባለ። ሐኪሟ ቀደም ባለው ሳምንት ደም ወስዳ ለላቦራቶሪ ልካለች። እኛ የመጣነው ሌሎቹን በጎች ልትመረምር፣ ውጤቱም በሳጥኑ በኩል እዚያው እንዲደርሳት ነው።

ቀኑ ደግሞ የተቆረጠ ነበር። ቅዳሜ ከቅዳሴ መልስ ማኅበሩ ተሰብስቦ አውራዎቹን ለአዲሱ ዙር ይመድባል። ደንባቸው እንዲህ ይላል፦ የተጠረጠረ አውራ ንጹሕ መሆኑ እስከ ምደባው ሰዓት ካልታወቀ ይኮላሻል። ቀጠሮ ማራዘም የለም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የእማማ ባል ወንድም ናቸው፤ ይህም ነገሩን ያቀላል ብዬ ገምቼ ነበር። አላቀለለውም።

«ለሌላ ሰው ቢሆን አንድ ሳምንት እጨምርለት ነበር» አሉኝ ሊቀ መንበሩ በመጀመሪያው ቀን፣ በጉን በዱላቸው ጫፍ እያሳዩኝ። «ለእሷ ብጨምር ግን ለወንድሙ ሚስት አዳላ ይባላል። ቅዳሜ ወሬ ካልመጣ ሙክት ነው። ለፋሲካም ያምራል።»

«አፍህ ይቆረጥ!» አሉ እማማ ከበራፋቸው ሆነው። «እሱን ለፋሲካ ከምትመኝ ራስህን ተመኝ። አንተም ወፈር ብለሃል።»

ሊቀ መንበሩ ሲስቁ አየሁ፤ ነገር ግን ቃላቸውን አላነሱም።

አንቴናውን ከቤቱ ጀርባ ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ተከልኩና ገመዱን በመስኮት አስገብቼ ሳጥኑን መደቡ ላይ አኖርኩ። እማማ አንቴናውን ሰሌዳ አሉት። «ይኼ ሰሌዳ ምን ተጽፎበት ነው እንዲህ ወደ ሰማይ የምታስነብበው?» ብለው ጠየቁኝ። እንደምንም አስረዳኋቸው። ሳተላይት የሚባለው እጅግ ሩቅ እንደሆነ፣ ሰሌዳው ከእሱ ጋር እንደሚነጋገር፣ ቀንም ሌሊትም ከቦታው መነቃነቅ እንደሌለበት ነገርኳቸው። ከዚህ ሁሉ የያዙት የመጨረሻውን ነው።

«ሌሊትም ውጪ ሊያድር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«በዚህ ውርጭ?»

«ይኼ ብርድ አይፈራም።»

«አይፈራም ያልከው አንተ ነህ፤ እሱ አልተናገረም» አሉኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ስነሳ አንቴናው ባና ለብሶ አገኘሁት። ባና በመንዝ በግ ጸጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ሴቶቹ ፈትለው ወንዶቹ ይሸምኑታል። እዚያ አገር ግልገል ሲወለድ፣ ሰው ሲታመም፣ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው። እማማ ባናውን በሁለት ዙር አጥፈው፣ ነፋስ እንዳይወስደው አራቱንም ጫፍ በድንጋይ አስይዘው ነበር። ደነገጥኩ፤ ግን አንስቼ መጣል አልደፈርኩም። እንግዳቸውን ነውና ያለበሱት፣ ልብሱን መግፈፍ እሳቸውን መስደብ መሰለኝ። ስለዚህ እንደ ተማረ ሰው አደረግሁ፤ ሙከራ ሠራሁ። ባናው እንደለበሰ ሳጥኑን ከፍቼ አየሁ፤ ሦስቱም መብራቶች አረንጓዴ ናቸው። ደወልኩ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ፋይል ላክሁ፤ ሄደ። በማስታወሻ ደብተሬም እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ባና፣ ችግር የለውም።» ይህ ደብተር አሁንም አለኝ። ሐረጉ በራሴ እጅ፣ ከሥሩ ተሰምሮበት ይገኛል።

«አላልኩህም?» አሉ እማማ። «ሞቆት ነው እንዲህ የሚሠራ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ደስ የሚሉ ቀናት መካከል ናቸው። ሐኪሟ ቀን በጎቹን ስትመረምር ትውልና ከሰዓት በኋላ የመዘገበችውን በሳጥኑ ትልካለች። የቀረውን ጊዜ መንደሩ ተጠቀመበት። ልጁ ደብረ ብርሃን የሚማር፣ እኅቱ አዲስ አበባ ያለች፣ ባሏ ለቀን ሥራ የሄደባት፣ ሁሉም ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ይዞ ይመጣል። የሳተላይት ስልክ አንድ ጠባይ አለው፤ ድምፅ ሰማይ ደርሶ እስኪመለስ ጥቂት ይዘገያል። ያልለመደ ሰው መልስ የዘገየ መስሎት ሲደግም፣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይናገሩና ነገሩ ይደበላለቃል። እኔም «ይናገሩ፣ ከዚያ አንድ ሁለት ብለው ይቁጠሩ» እያልኩ አስተምር ነበር። ወጣቶቹ ተቸገሩ። ሽማግሌዎቹ ግን እንደ ተፈጠሩለት ያዙት። ሸንጎ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ቃላቸውን ጨርሰው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

«ጨዋ ስልክ ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ ተነጋግረው ሲጨርሱ። «ሰው ሲናገር አያቋርጥም። የከተማው እንዲህ አይደለም።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ። በልግ ላይ የመንዝ ጉም ሲወርድ ዝናብ ነው አይባል፣ ዝናብ አይደለም አይባል፤ አጥሩም፣ ሣሩም፣ የሰው ቅንድብም ጠብታ ያቁራል። ሐኪሟ ማታውን ከላቦራቶሪው ባለሙያ ጋር ተነጋገረች። ውጤቱን ቅዳሜ ጠዋት እንደሚልክ፣ እስከ አምስት ሰዓትም ቢሮው እንደሚቆይ ቃል ገባላት። እማማ ይህን ሰምተው በጉን ከወትሮው ቀደም ብለው ወደ ቤት አስገቡት፤ ገብስም በእጃቸው አበሉት። ጥቁር ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ አለው። ቦቃውን እየደባበሱ ቀስ ብለው የሚያወሩትን አልሰማሁም፤ ወይም ሰምቼ ረስቼዋለሁ።

ቅዳሜ ሲነጋ ሳጥኑን ከፈትኩ። ከሦስቱ መብራቶች ሁለቱ ጠፍተዋል፤ ሦስተኛው ቀይ ነው።

አጥፍቼ አበራሁት፤ ቀይ። ባትሪው በብርዱ ደክሞ ይሆናል ብዬ ምድጃ ዳር አሞቅሁት፤ ቀይ። ወጥቼ የአንቴናውን አቅጣጫ በኮምፓስ ለካሁ፤ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ባናውን በእጄ ነክቼው ነበርን? ሳልነካው አልቀርም። እርጥብ እንደነበረም ሳይሰማኝ አልቀረም። ነገር ግን ስለ ባናው ያለኝ እውቀት የተረጋገጠ፣ በደብተር የተጻፈና የተሰመረበት ስለነበር፣ በእሱ ላይ የሚውል ሐሳብ አልነበረኝም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰዎች በአጥሩ በኩል እያለፉ ሁኔታዬን ያያሉ።

«ኢንጂነር፣ ዛሬ ሳጥንህ ምነው ዝም አለ?» አለኝ አንዱ።

«ጾም ይዞ ነው» ሲል ሌላው መለሰለት።

«ታዲያ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጾመው? እኛ እኮ አራት ሰዓት ላይ በግ ልናኮላሽ ነው!»

ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም። እማማ ግን አልሳቁም። በሩ ላይ ቆመው፣ እንዝርታቸውን እንደያዙ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ይሆናል?» አሉኝ። «ይሆናል» አልኳቸው። ያን ቃል ስናገር እምነት እንዳልነበረኝ በደንብ አስታውሳለሁ፤ ከዚያ ጠዋት ትዝታዬ ውስጥ ያለ ጥርጥር የቀረልኝ እሱ ነው።

በመጨረሻ ጥርጣሬዬ ገመዱ ላይ ወደቀ። በመስኮቱ ጠርዝ የታጠፈበት ቦታ የተሰበረ መሰለኝ። መለዋወጫው ገመድ ታች መኪና ውስጥ ነው። ሐኪሟ ከበጎቹ ዘንድ ሆና «ሂድ፤ እኔ ስብሰባውን በወሬ አቆየዋለሁ» አለችኝ። ሮጥሁ። ቁልቁለቱን በጉሙ ውስጥ ስወርድ መንገድ ስቼ ይሁን በቀጥታ ወርጄ አላስታውስም። ሾፌሩ ተኝቶ ነበር፤ ገመዱን ከወንበር ሥር አወጣሁና መልሼ ወጣሁ። ስወጣ ጉሙ ተገፍፎ ፀሐይ ወጥቷል። ትንፋሼ ተቆራርጦ ግቢ ስደርስ ሰዉ ከቅዳሴ ተመልሶ ሜዳው ላይ መቀመጥ ጀምሯል። እማማ በካቡ በኩል ቆመው ነበር። ባናው ካቡ ላይ ተዘርግቷል። ይህን ሥዕል ሁልጊዜ አስታውሰው ነበር፤ ሆኖም ለምን እንደማስታውሰው ለብዙ ዓመታት አላውቅም ነበር።

በቀጥታ ወደ ቤት ገባሁና የሳጥኑን ክዳን ሳልከፍት የድሮውን ገመድ ነቅዬ አዲሱን ሰካሁ። ከዚያ ክዳኑን አነሳሁ። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ።

«ሠራ!» ብዬ ጮህሁ።

ሐኪሟ ታብሌቷን አንስታ መልእክቱን ከፈተች። ፊቷን አይቼ ውጤቱን አወቅሁ። ወደ ሜዳው ወጥታ አነበበችው፤ በጉ ንጹሕ ነው፣ በጎቹ የጨነገፉበት ምክንያት ሌላ ነው። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

«ጥሩ ነው» አሉ ሊቀ መንበሩ። «ግን እሷ ያነበበችው ከመስታወት ላይ ነው። እሷ የጻፈችው ይሁን ሌላ የጻፈው እኛ በምን እናውቃለን? ሰው ይናገር።»

«እኔ እዋሻለሁ?» አለች ሐኪሟ።

«አትዋሺም፣ እኅቴ። ግን ለወንድሜ ሚስት ነገሩን ያለምስክር ከዘጋሁት፣ ነገ ዋሸ የሚባለው እኔ እሆናለሁ።»

የእጅ ስልኩን አወጣሁ፤ ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ በመካከላቸው ቁልቁል የተደፋ እንቅብ ላይ አኖርኩትና ወደ ላቦራቶሪው ደወልሁ። ባለሙያው አነሳ። ሊቀ መንበሩ ጎንበስ ብለው ጠየቁ፤ አንድ ሁለት ቆጠሩ፤ ሜዳው ሙሉ ሰው አብሯቸው ዝም አለ።

«ነጻ ነው፤ ምንም የለበትም» አለ ድምፁ።

«ድገመው፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ደገመው። ከኋላ ተቀምጦ የነበረ አንድ ሰው ተነሣ። «ደሙ የዚህ በግ ደም መሆኑን በምን አወቅህ? የጎረቤት በግ ደም ቢሆንስ?» አለ። ባለሙያው የበጉን የጆሮ ቁጥር ከመዝገቡ አነበበ። ሁለት ሰዎች በጉን በቀንዱ ይዘው ጆሮውን አገላበጡ፤ ቁጥሩ አንድ ነው። ያን ጊዜ ሴቶቹ እልል አሉ። ሊቀ መንበሩ እማማን አይተው፣ «በይ እንግዲህ፣ የፋሲካ ሥጋዬን አስቀረሽብኝ» አሏቸው።

እማማ ወደ እኔ መጥተው ራሴን ይዘው ጉንጬን ሳሙኝ። «አንተ ባትሮጥ ኖሮ» አሉ። ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ሰኞ ልንሄድ ስንል ያንን ባና አጥፈው ሰጡኝ። ጸጉሩ ከዚያው ከአውራው የመጀመሪያ ሽልት የተገኘ መሆኑን ያን ጊዜ ነገሩኝ፤ ወይም ከእናቱ ብለውኝ ይሆናል። «ለሮጥክበት» አሉኝ። ተቀበልኩ።

ለብዙ ዓመታት ይህን ታሪክ በሻይ ሰዓት አወራሁት። የእኔ ሩጫና የእኔ ገመድ ያተረፉት በግ ታሪክ ነበር። ባናው የሚገባው እንደ ማሳቂያ ብቻ ነው።

አሁን በመንደሩ በላይ ባለው ጋራ ላይ የስልክ ማማ ቆሟል፤ ሳጥኑም ሥራ ፈታ። በዚህ ክረምት ወደ ግምጃ ቤት ልመልሰው ስለነበር፣ ከማስረከቤ በፊት ይሠራ እንደሆነ ለማየት በደብረ ብርሃን ቢሮአችን ግቢ ተከልኩት። ሦስት አረንጓዴ። ካፊያ ሲጀምር፣ የድሮውን ቀልድ አስቤ፣ ከወንበሬ ላይ ባናውን አምጥቼ አለበስኩት። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ሳቀች። ቆመን ስናወራ ዝናቡ በረታ። ሰነድ ልንፈራረም ስንገባ መብራቱ ቀይ ነበር። ወጥቼ የረጠበውን ባና አነሳሁት፤ አረንጓዴ ሆነ። መልሼ ጣልኩበት፤ ቀይ። ኃላፊዋ ለምን ዝናብ ላይ ቆሜ አንድ ብርድ ልብስ ደጋግሜ እንደማነሣና እንደምጥል አልገባትም። ለእኔ ግን ካቡ ላይ የተሰጣው ባና ተመልሶ መጣብኝ። የሞከርኩት ደረቁን ባና ነበር። የጠለፈን ውሃው ነው።

ለእማማ ደወልኩ። ዛሬ ስልኩ አይዘገይም። ስለዚህ ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ጤና ጠየቅን፣ ባንድ ጊዜ መለስን፣ ባንድ ጊዜ ዝም አልን። ያቺ አንድ ሁለት ብለን የምንቆጥርባት ጊዜ ናፈቀችኝ። ስለ በጉ ጠየቅሁ፤ ልጆቹ ዛሬ መንደሩን ሞልተውታል አሉኝ። ከዚያ ስለ ባናው ጠየቅኋቸው።

«ያን ቅዳሜ ባናውን ከሰሌዳው ላይ ማን አነሣው፣ እማማ?»

«እኔ ነኛ! ፀሐይ ስትወጣ ላድርቀው ብዬ። እርጥብ ባና ለብሶ ሊታመም ነው ወይ?»

«እኔ ከመኪናው ሳልመለስ?»

«አንተማ ቁልቁል ሄደሃል። ገና ነበርክ።»

«እንግዲያው በጉን ያተረፉት እርስዎ ነዎት» አልኩና የሆነውን ሁሉ አስረዳኋቸው።

ሳቁ። «ተው ልጄ። እኔ ልብስ አሰጣሁ፤ የሮጥከው አንተ ነህ። ዐይኔ እያየ ገመዱን ቀይረህ ሠራ ብለህ ጮኸሃል። ምናልባት ባናውን ያነሣሁት አንተ ከመጣህ በኋላ ይሆናል፣ እንጃ። እኔም እኮ አርጅቻለሁ።»

ደግነታቸው ነው የተናገረው ወይስ ትዝታቸው፣ ከድምፃቸው መለየት አልቻልኩም። ባናውን የሰጡኝ በዚያ ሩጫ ስለሆነ፣ ሩጫውን መልሰው ሊነጥቁኝ አልፈለጉም ይሆናል። የእኔ ትዝታ ለእኔ አዳልቶ ኖሯል፤ የእሳቸውም ለእኔ አዳላ። ሁለት ምስክሮች አንድ ቃል ተናገሩ፤ እኔ ግን ሁለቱንም ማመን አቃተኝ።

ያልጠየቅሁት አንድ ምስክር ቀርቶ ነበር። ሳጥኑ ምልክት ሲጠፋና ሲመለስ፣ ገመድ ሲነቀልና ሲሰካ፣ መልእክት ሲገባ ሰዓቱን በራሱ መዝገብ ይጽፋል፤ ያን ሳምንት የጻፈውን ማንም አልሰረዘበትም። ከማስረከቤ በፊት ዝርዝሩን ወደ ኮምፒውተሬ ገልብጬ የዚያን ቅዳሜ ገጽ ፈለግሁ። ሰዓቱን ከፈረንጅ አቆጣጠር ወደ እኛ መልሼ፣ እንዳልሳሳት ሁለት ጊዜ አሰላሁት። ምልክቱ የተመለሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ነው። የላቦራቶሪው መልእክት የገባው ሦስት ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ ነው። ገመዱ የተነቀለው ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነው።